ማግኔት የያዛቸው ስድስት ብሎኖች

ጠና ሄራሞ ማግኔቱን ያነሳው ወለል ለማጽዳት ነበር።

ጊዜው የ1957 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ሆሳዕና ዳርቻ ባለ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ጠዋቱን የውኃ ፓምፕ ዕቃ ሲሞርድ ስላረፈደ ወለሉ ጥቁር የብረት ብናኝ ለብሷል። ብናኙን እንደ ልማዱ በማግኔት እየሰበሰበ ብረት እያሽከረከረ ከሚቀርጸው ከቶርኖው ሥር ሲደርስ፣ ከጥቁሩ ጋር ነጭ፣ ጥቅልል ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ ተለጥፎ ወጣ።

የጠና እጅ ባለበት ቀረ።

ነጩን ፍቅፋቂ ያውቀዋል። ከሁለት ወር በፊት በዚያው ቶርኖ ላይ ለሰው አጥንት የሚሆኑ ብሎኖች ሲያወጣ የወደቀ ነው። ለአጥንት የሚሆነውን ብረት ደግሞ ማግኔት አይይዘውም። መያዝ የለበትም።

ፍቅፋቂውን አራግፎ መሬት ላይ ጣለና ማግኔቱን እንደገና አስጠጋ። ዘሎ ተለጠፈ።

ጠና የተወለደው ሞርሲቶ አጠገብ፣ ከቀጥቃጭ ቤት ነው። አባቱ ማረሻና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ደጃቸው እየመጣ ያሠራል፤ እነሱን ግን ከቤቱ አያስገባም፣ በገዛ ዋንጫውም አያጠጣም። ጠና ወናፍ እየነፋ አደገ። ሚሲዮኖቹ ሐኪም ቤቱን ሲያሠሩ በቀን ሠራተኛነት ገባ፤ አንድ ቀን እምቢ ያለ ጄነሬተር አስነሳና በዚያው ቀረ። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሊንድ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ቶርኖና ብረት አጣብቆ የሚይዝ ሞርሳ አስመጣለትና መሣሪያ ጠጋኝ አደረገው። በኋላ ከውጭ የሚላከው የአጥንት ብረት እየዘገየ ሰው አልጋ ላይ ሲሰነብት፣ አንድ ቀን ጠርቶ፣ "አንተ ትሠራዋለህ" አለው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከብረቱ ላይ የጣት ያህል ዝርግ በብረት መጋዝ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይበሳል፤ ሥጋ እንዳይቆርጥ ሹል ጠርዙ ይዶለዱማል። ከዚያ ፊት እስኪያሳይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ትንሽ ጭረት ከቀረች ዝገቱ የሚጀምረው ከእሷ ነው። በመጨረሻም ከሞረዱ የተጣበቀበትን ተራ ብረት እንዲበላለት በአሲድ ይታጠባል። ብሎኖቹ ደግሞ አንድ በአንድ በቶርኖ ይወጣሉ። ለጠና ከሁሉ የከበደው የዶክተሩ የመጀመሪያ ትእዛዝ ነበር፤ "ይህን ብረት እሳት ውስጥ አትክተተው፣ በመዶሻም አትምታው።" የቀጥቃጭ ልጅ ብረትን ያለ እሳት ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተሩ ሌላም ነገር አስተምሮታል። የማይዝግ የሚባለው ብረት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ጠንካራ ነው፤ ቢላዋና መቀስ ይሆናል፤ ማግኔት ይይዘዋል። በኩሽና ውኃ አይዝግም፣ የደምና የሥጋ ጨው ግን ይበላዋል። ሁለተኛው ኒኬል የገባበት ነው፤ ማግኔት አይይዘውም፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው እሱ ነው። ሁለቱ ታሽተው ሲያበሩ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ጠና አዲስ ብረት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ በማግኔት ይሞክር ነበር።

ያን ቀን ግን አልሞከረም።

ትዝ አለው። ግንቦት ላይ ነበር። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ባመጣው የብረት እስር ውስጥ ዝርጉም ብሎን የሚወጣበት ዘንግም አብረው ታስረው ነበር። ዝርጉን ሞከረው፤ ደህና ነበር። ዘንጎቹን ሊሞክር ሲል ነርሷ ሲስተር ጵርስቅላ መጥታ፣ "ዶክተር ነገ ጠዋት ይፈልገዋል፣ የጄነሬተሩ ናፍጣም እያለቀ ነው" አለችው። ከአንድ እስር የመጣ አንድ ነው ብሎ ዘንጉን ቶርኖው ላይ አሰረ።

መደርደሪያው ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ከፈተ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ብሎኖች ሠርቶ ስድስቱ ቀርተዋል። ማግኔቱን አስጠጋ። ስድስቱም ተንጠለጠሉ።

ሌሎቹ ስድስቱ የትርፊት እግር ውስጥ ናቸው።

ትርፊት ፎንቆ የምትኖር፣ ዘመዶቿ ከጉራጌ የመጡ፣ ባሏ የሞተባት ነጋዴ ናት። በፎንቆ፣ በሞርሲቶና በሆሳዕና ገበያ የማያውቃት የለም። ግንቦት ላይ አሞሌና አቡጀዲ ጭና ወንዝ ስትሻገር በቅሎዋ አንሸራቷት ወደቀችባትና ቅልጥሟ ለሁለት ተሰበረ። ዶክተር ሊንድ የጠናን ዝርግ ብረት በጠና ስድስት ብሎኖች አሰረላት። በአራተኛው ሳምንት በምርኩዝ እየተራመደች ወጣች፤ ቀጠሮዋ ለመስከረም ነው።

ጠና ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ገነቴ ፊቱን አይታ ወዲያው ጠየቀችው። ነገራት።

"ሴትዮዋ ታመመች?" አለች።

"አልሰማሁም።"

"ታዲያ ማን ያውቃል?"

"እኔ።"

ገነቴ በሩን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠና፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ። ብረቱ ተሳሳተ አይሉም። ቀጥቃጩ አጥንቷን በላው ነው የሚሉት። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ከሰው ጋር መቀመጥ የጀመሩት ዘንድሮ ነው" አለች።

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር።

በማግስቱ ሁለት ጠርሙስ ወሰደ። በሁለቱም ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ሞላ። በአንዱ ብሎን ብቻውን፣ በሌላው ብሎን ከዝርጉ ቁራጭ ጋር አነካክቶ ከተተ። ውኃው የሰውነት ሙቀት እንዲኖረው ከሐኪም ቤቱ የእንፋሎት መቀቀያ አጠገብ አስቀመጣቸው። ሲስተር ጵርስቅላ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ከቄስ ቤት ያደገች፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ።

"ምንድን ነው ይሄ ጠርሙስ?" አለችው።

"ሙከራ ነው።"

"የምን ሙከራ?"

"ሦስት ቀን ስጪኝ፣ እነግርሻለሁ።"

በእነዚያ ሦስት ቀናት ጠና በየሰዓቱ ሰበብ እየፈጠረ ወደ ጠርሙሶቹ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ብቻውን ያለው ብሎን አሁንም ያበራል፤ ዝርጉን የነካው ግን ጥርሶቹ መሐል ቡናማ ነጥብ አወጣ። በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ተስፋፍታ ውኃው ደፈረሰ። ሁለት የተለያየ ብረት ጨዋማ እርጥበት ውስጥ ሲነካካ እንደ ባትሪ ድንጋይ እንደሚሠራና ደካማው እየተበላ እንደሚሄድ ዶክተሩ ነግሮት ነበር። አሁን በዓይኑ አየው። የትርፊት እግር ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ዝርጉ ደህና፣ ብሎኖቹ መጥፎ፣ ሁለቱም ተጣብቀው።

ጠርሙሱን ይዞ ዶክተር ሊንድ ቢሮ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማግኔቱንና የቀሩትን ብሎኖች አጠገቡ ዘረጋ። ዶክተሩ ማግኔቱን አንስቶ አንዱን ብሎን አነሳ። ጣለው። እንደገና አነሳ።

"ስንት ሰው?" አለ።

"አንድ። እትዬ ትርፊት፣ የፎንቆዋ።"

"ብረቱን የገዛሁት እኔ ነኝ" አለ ዶክተሩ። "ሻጩ የማይዝግ ነው አለኝ። እሱም አልዋሸም።"

"እኔ ግን መሞከር ነበረብኝ። ዘንጉን አልሞከርኩትም፣ ዶክተር።"

ዶክተሩ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ከዚያ በዚያ ቁጥብ አማርኛው፣ "አንዳንድ ሰው ይሸከመዋል። አንዳንዱ ያብጥበታል፤ ብሎን ይሰበራል፣ አጥንት ይለቃል። እሷ ከየትኞቹ እንደሆነች አናውቅም። ሰው እልካለሁ" አለ።

"ሰው አይላክ። እኔ ልሂድ።"

"ለምን?"

"ሌላ ሰው ቢነግራት ዶክተር ጠራሽ ብቻ ነው የሚላት። ደህና ነኝ ብላ ትቀራለች።"

ወደ ፎንቆ በእግሩ ሄደ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ሰዓት አስጠበቀው። የገበያ ቀን ስለነበር ትርፊት ሱቋ ደጃፍ፣ እግሯን ሣጥን ላይ ዘርግታ፣ ምርኩዟን ደገፍ አድርጋ ጨው ትመዝናለች። ወንድሟ ዳኘ፣ ደልዳላ ጎልማሳ፣ ከኋላዋ ጨርቅ ይለካል። ጠና ገበያተኛው እስኪሳሳ ጠበቀ። እንደ ልማዱ ከደጃፉ ውጭ ቆመ።

"እትዬ ትርፊት፣ እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ከሐኪም ቤት ነህ አይደል? መሣሪያ የምትጠግነው።"

"አዎ። እግርዎ ውስጥ ያለውን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ትርፊት ሚዛኑን አስቀመጠች። ጠና ሳያቆላምጥ ነገራት። ብሎኖቹ ትክክለኛ ብረት እንዳልሆኑ፣ ሳይሞክር እንደሠራቸው፣ ሰውነት ውስጥ እንደሚዝጉ፣ መውጣት እንዳለባቸው። እየተናገረ ሳለ ዳኘ ጨርቁን ጥሎ ወጣ።

"ምን አልክ? ምን አልክ አንተ?"

"ዳኘ፣ ተው" አለች ትርፊት።

"እንዴት ተው! ቀጥቃጭ ነው እኮ! አጥንቷን ለቀጥቃጭ ሰጥተው፣ አሁን ደግሞ እንደገና ልትቀደድ ነው?" ብሎ የጠናን ኮት አንገቱ ላይ ጨምድዶ ያዘ። ገበያተኛው ዞር ዞር እያለ መሰብሰብ ጀመረ። ጠና እጁን አላነሳም። ዓይኑንም ከትርፊት ላይ አልነቀለም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያምዎታል?"

"አያማትም!" አለ ዳኘ። "ሸጣ ለውጣ እየገባች ነው። አያማትም!"

ትርፊት ወንድሟን አየችው፣ ቀጥላ መሬቱን። ከዚያ ቀሚሷን ከቅልጥሟ ላይ በትንሹ ገለጥ አደረገችው። ከጠባሳው ግራና ቀኝ ቆዳው አብጦ፣ ቀልቶ፣ በአንድ ቦታ ላይ ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

"ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ነው" አለች። "ሌሊት ሌሊት ያቃጥለኛል። መስቀል ደረሰ፣ ዕቃው ተገዝቷል፤ ዝም አልኩ።"

ዳኘ እጁን ከጠና ኮት ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

"ባልመጣ ምን ይሆን ነበር?" አለች ትርፊት።

"አላውቅም እትዬ። ዶክተርም አያውቅም።"

"ብቆይስ? መስቀል እስኪያልፍ?"

ጠና መስቀል የዓመት ገበያዋ እንደሆነ ያውቃል። "አይቆዩ" አለ።

በማግስቱ ማለዳ በቃሬዛ አስተኝተው ወደ ሆሳዕና ተነሱ። ዳኘና ሦስት ጎረቤቶች ተሸከሟት። ጠና የፊቱን እንጨት ሊይዝ ሲጠጋ ዳኘ፣ "እጅህን አንሳ" አለው። ከኋላ ተከተለ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጭቃው አንሸራቶት ወለምታ ያዘው። ዝናቡ እየበረታ ነበር። ዳኘ ግራ ቀኙን አየና ባዶውን እንጨት በአገጩ አመለከተ። ጠና ገብቶ ተሸከመ። ሆሳዕና እስኪደርሱ ትርፊት ቃሬዛው በተናጠ ቁጥር በጥርሷ መሐል ታቃስታለች።

ቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆነ። ጠና ወርክሾፑ ውስጥ ቁጭ ብድግ ሲል ነበር። ከዳኘ ጋር የቆርቆሮው ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ዳኘ ጓሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንድ ሰዓት አለፈ። ድንገት ሲስተር ጵርስቅላ ነጭ ጋዋኗ ላይ ደም ተረጭቶ እየሮጠች መጣች።

"አምስቱ ወጥተዋል። ስድስተኛው አናቱ ተቆርጦ ቀረ። አካሉ አጥንቱ ውስጥ ነው፤ የሚይዘው ነገር የለም።"

"የት ጋ ተቆረጠ?"

"ከአጥንቱ እኩል። ጥቁር ሆኗል። ዶክተር በብሎኑ ዙሪያ አጥንቱን የሚቦረቡር ቱቦ የመሰለ ነገር ይፈልጋል። አለህ?"

የለውም። ጠና መሳቢያውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከአንድ የተሰበረ መሣሪያ ያወለቃት ጠንካራ ቀጭን ቱቦ አገኘ። ከብሎኑ ጋር ለካት፤ ብሎኑ ውስጧ ልክክ ብሎ ገባ። ቱቦዋን ማግኔት ይይዛታል፤ ግን ግድ የለም፤ ይህቺ ገብታ የምትወጣ ናት፣ የምትቀር አይደለችም።

"ማደንዘዣው ኤተር ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"መተንፈሷን አልወደድኩትም። ፍጠን።"

ጠና ቱቦዋን ሞርሳው ላይ አሰራትና በሦስት ማዕዘን ሞረድ አፏ ላይ ጥርስ ማውጣት ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ሞረዱ ሊያመልጠው ሲል አጥብቆ ጨበጠው። ጥርሱ ከጎደለ ቱቦዋ አጥንቱን ትሰነጥቃለች፣ ከበዛም ትሰበራለች። አባቱ ማረሻ ሲስሉ እንደሚሉት ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ እየገፋ፣ ሲመለስ እያነሳው ስምንት ጥርስ አወጣ። ጫፏን በጣቱ ዳሰሳት፤ ጣቱን ቆረጠችው። ሌላኛው ጫፏ ላይ እጀታ አጠበቀባትና ለጵርስቅላ ሰጣት። እሷም በአልኮል እሳት ለብልባ ይዛት ሮጠች።

ጠና ተከትሏት እስከ ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ሄደና ቆመ። ዳኘም መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ከውስጥ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ኪር፣ ኪር፣ ኪር ይላል። ይቆማል። እንደገና ይጀምራል። አንድ ጊዜ ጵርስቅላ፣ "ዶክተር፣ ልቧ!" ስትል ሰሙ። ዳኘ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ የለም።

በሩ ሲከፈት ዶክተር ሊንድ ጭንብሉን አውርዶ፣ በላብ ረጥቦ ብቅ አለ። በኩባያ ስድስቱን ብሎኖች ይዟል። ሁለቱ እስከ ወገባቸው ተበልተዋል፤ አንገታቸው ላይ የምስማር ራስ የሚያክል ጉድጓድ አውጥተዋል።

"ትተነፍሳለች" አለ። "አጥንቱ ግማሽ ይዟል። በዙሪያው ያለው ሥጋ ጠቁሮ ነበር፣ አጸዳሁት። ዝርጉንም አውጥቼዋለሁ፤ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች አዲስ ብሎን አይይዝም። ጀሶ እናደርግላታለን። ሦስት ወር ትተኛለች።"

"ሦስት ወር!" አለ ዳኘ።

"አንድ ወር ዘግይታ ብትመጣ ስለ እግሯ መኖር አለመኖር ነበር የምናወራው።"

ዳኘ ኩባያውን ተቀበለና አንዱን ብሎን በጣቶቹ መሐል አገላበጠው። ተነስቶ ወደ እህቱ ገባ።

ትርፊት የመስቀልን ገበያ በጀሶ ተኝታ አሳለፈች። ዳኘ ያን ሁሉ ጨርቅ ብቻውን ሸጦ መጨረስ ስላልቻለ ግማሹ ለሚቀጥለው ዓመት አደረ። ወሬውም ገነቴ እንደፈራችው ተወራ። ፎንቆ ገበያ ላይ ጠና ቡዳ ነው ያለ አለ፤ የጠና ትልቁ ልጅ ሁለት ቀን እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ተመለሰ። አንድ ከዳምቦያ የመጣ በሽተኛ፣ "የቀጥቃጩ ብረት ከሆነ አልፈልግም" ብሎ እጁ እንደተሰበረ ተመለሰ። ጠና ይህን ሁሉ ሰምቶ ወርክሾፑን ዘግቶ ሊሄድ አስቦ ነበር። ዶክተሩ ግን ሥራውን አልቀማውም፤ "አሁን ካንተ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው የት አገኛለሁ?" አለው።

ኅዳር ላይ ጀሶው ተፈታ። አጥንቱ ይዟል፤ እግሯ ግን በትንሹ አጥሮ ቀርቷል። ትርፊት ከመሄዷ በፊት በምርኩዟ እየተደገፈች፣ እያነከሰች ወርክሾፑ በር ላይ መጣች። ጠና ብድግ ብሎ በርጩማውን ሰጣት። ተቀመጠች። ቶርኖውን፣ ሞርሳውን፣ ሞረዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

"አልመርቅህም" አለች። "ይህን እግር እስክሞት እጎትተዋለሁ።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ሰው ሁሉ እግርሽን ማን እንዲህ አደረገው ይለኛል።"

ጠና አንገቱን ደፋ።

"ጠና ነው እላቸዋለሁ። ብረቱ መጥፎ መሆኑን ማን ነገረሽ ሲሉኝ ደግሞ፣ እሱም ጠና ነው እላቸዋለሁ። እንግዲህ ያሻቸውን ይበሉ።" ምርኩዟን ጨብጣ ተነሳች። "ዳኘ ሚዛናችን ተበላሽቷል ይላል። ጥር ላይ ብቅ ብለህ እየው። ደጅ አትቁም፣ ግባ።"

ጥር ላይ ሄደ። ገብቶ ሚዛኑን ጠገነ። ዳኘ ዋጋውን ከፈለው፤ ብዙም አላወሩም።

ጠና እዚያ ሐኪም ቤት ሌላ ስምንት ዓመት ሠራ። አዲስ ዘንግ ሲመጣ ከሁለቱም ጫፍና ከመሐሉ በማግኔት ይሞክራል፤ ከእያንዳንዱ ዘንግ ቁራጭ ቆርጦ አሥር ቀን በሞቀ ጨው ውኃ ያቆያል፤ ዶክተሩ ቢቸኩልም፣ ናፍጣ ቢያልቅም አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት ከሰማንያ አራት ብሎኖች አሥራ ዘጠኙን ጣላቸው። ብዙዎቹ ምናልባት ደህና ነበሩ። ለአንድ የአንጋጫ መምህር ክንድ የመጀመሪያዎቹን አዳዲስ ብሎኖች አስረክቦ የወጣ ቀን ግን የወርክሾፑን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ሲስተር ጵርስቅላ ቆለፈችለት።